አራተኛው ደብተር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2024

የኔ ዕድላዊት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ እማ» ትይና ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ይኼን የወረቀት ደብዳቤ ያስጀመርኩሽ ለዚሁ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ገባሁ፣ ሥራ በዛብኝ ብለሽ ውላችንን እንዳታፈርሺ። በወር አንድ ደብዳቤ፣ በእጅሽ፣ በአማርኛ። እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። የምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ሺፍቴን ወደ ጠዋት ስለቀየሩልኝ ጉልበቴም ትንሽ ተንፍሷል።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅሽ። ክፍልሽን ሳጸዳ አልጋሽ ሥር አንድ የትምህርት ቤት ጽሑፍሽን አገኘሁ፤ ከላይ ስድሳ ስምንት ይላል። ክው አልኩ። እዚህ አገር ስድሳ ስምንት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የስንቱን ልጅ ሪፖርት ካርድ አይቻለሁ። ረቡዕ በስልክ ጸሎታችን ላይ «ልጄ ባሕር ማዶ ትምህርቱ ከብዷታል» ብዬ አስጸለይኩ። አርባ ደቂቃ ጸለዩልሽ፤ ጋሽ ያለውማ በእንባ ነው። አንቺ ደግሞ በማግሥቱ ደውለሽ «እዚህ ስድሳ ስምንት ጥሩ ነው፣ ሰባ ያመጣ እንደ ጉድ ነው የሚታየው» ስትይኝ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። ረቡዕ ተመልሼ ተሳስቻለሁ አልኩ። ጸዳለ ስቃ ስቃ ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

ስለ ደብተሮቹ ለጠየቅሽኝ መልሴ አልሰጥም ነው። ስድስት ዓመት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ጸዳለ ቤት፣ ከዚያም በስልክ፣ ሰው የጸሎት ርዕሱን ሲናገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የስንቱ የመኖሪያ ወረቀት፣ የስንቱ ትዳር፣ የስንቱ በሽታ እዚያ ውስጥ አለ። ያን ለፈረንጅ መምህር አሳልፌ ልስጥ? በይ ሌላ ርዕስ ፈልጊ።

እናትሽ ሰርካለም

ሼፊልድ፣ እንግሊዝ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2024

እማዬ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ቢያንስ እጅ ጽሕፈትሽ እንዳማረበት ነው። ጋሽ ያለውን ስላስለቀስኳቸው ይቅርታ በይልኝ።

በስልክ ማስረዳት አቅቶኝ ነው እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ታሪክ የሚማር ሰው ታሪክ ብቻ ነው የሚማረው፤ ሒሳብ የለ፣ ሳይንስ የለ። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ረጅም ጽሑፍ እንጽፋለን፣ ዲሰርቴሽን ይባላል። አሥር ሺህ ቃል ነው፤ ዲግሪዬን የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ነው። ጓደኞቼ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች ደብዳቤ በጓንት እየገለጡ ያነባሉ። መምህሬ «አንቺስ የማንን ወረቀት ነው ማንበብ የምትፈልጊው?» ስትለኝ ሳላስበው ያንቺ ደብተሮች ትዝ አሉኝ።

ትዝ ይልሻል አይደል፣ እኛ ልጆቹ መኝታ ቤት የካፖርቶቹ ክምር ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራ ስንሠራ? መሐል ላይ «ዕድላዊትን ጥሯት» ይባልና እወጣለሁ። ከካውንቲ አስተዳደር የመጣ፣ ከኢሚግሬሽን የመጣ፣ ከአከራይ የመጣ ደብዳቤ እጄ ላይ ይቆለልና ለሁሉም በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የዚያ ክፍል ድምፅ እዚህ ላይብረሪ ተቀምጬ ይመጣብኛል። ስለዚያ ክፍል የጻፈ ማንም የለም እማ። እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?

ልጅሽ ዕድላዊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2024

ዕድሌ፣

በካፖርት ክምር ልታለሰልሺኝ ነው? አውቄብሻለሁ። ግን ሠርቶልሻል፤ ደብዳቤሽን በሥራ እረፍቴ ሰዓት ሳነብ አንዷ የማስታምማት አሮጊት ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ።

የዚያን ሰሞን ነገር አልረሳሁትም። በዲቪ መጥተን ገና ሁለት ወራችን ነበር። አባትሽን አዲስ አበባ ቀብሬ፣ አንቺን በእጄ ይዤ፣ ማንንም ሳላውቅ። ጸዳለ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አማርኛ ስናወራ ሰምታ ነው «ረቡዕ ቤቴ ኑ» ያለችን። ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ አርባ ጫማ ተደርድሮ፣ ሶፋው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ። የታችኛው ጎረቤት መጥረጊያ እያነሳ ጣራውን ሲመታብን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። መጻፍ የጀመርኩትም በእንግዳ ወግ ነው፤ ሌላ የማግዝበት ስላልነበረኝ እኔ ልጻፍ አልኩ። እንደዚያ ሆኖ ቀረ።

ቁርጥ ያለ ነገር ልንገርሽ። ደብተሩ የኔ ጽሕፈት እንጂ የኔ ንብረት አይደለም። በውስጡ ያለ ሰው ሁሉ እሺ ካለ እሺ። አንድ ሰው እንቢ ካለ አበቃ። ስንቱ ወደ ቴክሳስ፣ ስንቱ ወደ ሲያትል እንደሄደ ታውቂያለሽ፤ ከወዲሁ ሌላ ርዕስ ብታስቢ ይሻልሻል።

ለገና ቲኬት ቆርጠሻል ወይ?

እናትሽ

ሼፊልድ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2024

እማ፣

ለገና አልመጣም። ይቅርታ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ጃንዋሪ ላይ የማስረክባቸው ሁለት ጽሑፎች አሉ፤ ደግሞ እዚህ ሆኜ ብቻዬን አይደለሁም፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቤተሰቦቿ ጋር ትወስደኛለች።

ስለ ፈቃዱ ያልሽው ትክክል ነው። መምህሬም ቃል በቃል ያንኑ ነው ያለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለ ፈቃድ አያስነካኝም። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፣ አብሬ ልኬዋለሁ። የሰው ስም ይቀየራል፣ የመኖሪያ ወረቀት ነገር ጭራሽ አይነሳም። የራቁትን ሰዎች እኔ ራሴ ደውዬላቸዋለሁ፤ ቴክሳስ ያሉት ሁሉ ፈርመው ልከውልኛል። የቀሩት አጠገብሽ ያሉት ናቸው፤ ጋሽ ያለው፣ ወንድም ብስራት፣ እትዬ ጸዳለ። ለሽማግሌ በስልክ ፈርሙልኝ ማለት ነውር ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። እባክሽ ሂጂልኝ።

ዕድላዊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025

ልጄ፣

ሄድኩልሽ። ያውም በዚህ በረዶ።

ጋሽ ያለው ጋ አስፐን ሂል ሄጄ ወረቀቱን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ ለወንድማቸው የጸለዩት አልተመለሰም፣ ታዲያ ያልተመለሰውም ይጻፋል ወይ አሉኝ። ይጻፋል አልኳቸው። «እንግዲያው እውነተኛ ታሪክ ነው» አሉና ፈረሙ። ስምሽን ጠርተው መረቁሽ፤ በሩ ድረስ በከዘራቸው ሸኙኝ።

ብስራት ሪቨርዴል ፓርክ ነው የገባው፣ ሦስት ልጆች ወልዷል። ያኔ ሥራ እንዲያገኝ ስንጸልይለት የነበረው ልጅ ዛሬ አራት ሰው ቀጥሮ ያሠራል። ፈረመና ያንን ገጽ ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ለመነኝ፤ ለልጆቹ ሊያሳይ።

ጸዳለ ጋ እሑድ ዋልኩ። ኪራይ ሲጨምሩባት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወደ አንድ መኝታ ቤት ወርዳለች። ያንን የድሮውን በር አብረን ወጥተን አየነው፤ በሩ ላይ አንድ የሕፃን ብስክሌት ቆሟል። ሁለታችንም ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ማን የት ይቀመጥ እንደነበር አንድ በአንድ ስናነሳ መሸብን። ያኔ ምንም አልነበረንም ዕድል፤ ግን ረቡዕን እንደ በዓል ነበር የምንጠብቀው። እንደዚያ ያለ ሰው መሐል ዳግመኛ አልተቀመጥኩም። ጸዳለ ፈረመች። «ሰርኬ፣ አንቺስ የትኛው ላይ ትፈርሚያለሽ?» አለችኝ። ጸሐፊ አይፈርምም ብዬ አሳለፍኩት።

ሦስቱን ደብተሮች በዚህ ሳምንት በፖስታ እልክልሻለሁ። እርጥብ እጅ እንዳይነካቸው።

እናትሽ

ሼፊልድ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025

እማዬ፣

ደረሱ። አራት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም።

ያንቺን ሥርዓት መምህሬ ስታይ ገረማት። በስተቀኝ ስምና ርዕስ፣ በስተግራ የተመለሰለት ሰው ተነስቶ ሲመሰክር «ተመለሰ» ብለሽ ከነቀኑ። ከሁሉ ይበልጥ ያፈዘዛት ደግሞ «የልብ ጉዳይ» የሚለው ነው። ሰው መናገር ያልቻለውን «የልብ ጉዳይ አለኝ» ካለ ማንም ሳይጠይቀው ሃያ ሰው ይጸልይለታል ስላት፣ ለማይታወቅ ነገር እንዴት ይጸለያል አለችኝ። እኔ እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው። አሁን ሁለተኛው ምዕራፌ ስለሱ ሆኗል።

እትዬ ጸዳለ በ2015 «ሰርካለምና ልጇ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው» ብላ ማስጸለይዋን ታስታውሻለሽ? በራስሽ እጅ ነው የጻፍሽው። ሳነበው አለቀስኩ።

አራተኛው ግን የለም። ሦስተኛው ማርች 2020 ላይ ያልቃል፣ በኮሮና ምክንያት ሁላችሁም ወደ ስልክ የገባችሁበት ቀን ላይ። ሦስተኛው ምዕራፌ በሙሉ ስለዚያ ነው፤ ከአንድ ክፍል ወደ ስልክ ሲኬድ ሰው የሚለምነው ነገር ይቀየራል ወይ የሚል። ያለሱ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው የሚሆነው። ረስተሽው ከሆነ ቶሎ ላኪልኝ። የማስረክበው ሜይ 1 ነው።

ለበጋው ቲኬት ጠይቀሽኝ ነበር፤ ገና አልቆረጥኩም።

ዕድላዊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 2 ቀን 2025

ዕድላዊት፣

ያ ደብተር የለም። ምድር ቤቱ ውኃ የገባው ጊዜ በስብሶ ጣልኩት። ባሉሽ ሦስቱ ሥሪ።

እናትሽ

ሼፊልድ፣ ማርች 12 ቀን 2025

እማ፣

አራት መስመር ብቻ ጽፈሽልኝ አታውቂም።

እትዬ ጸዳለን ደውዬ ጠየቅኋት። ባለፈው ወር ረቡዕ ከአራተኛው ደብተር ላይ የወንድም ብስራትን ምስክርነት አንብበሽላቸዋል። በእኔ ምክንያት ውሸታም አደረግኩሽ ብዬ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ሁሉም ሰው ጓዳውን ከፍቶልኛል። የዘጋሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስለ እኔ የተጻፈ ነገር አለበት?

ዕድላዊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 23 ቀን 2025

ልጄ፣

አለበት። ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶት አያውቅም። እባክሽ ደብዳቤውን መጀመሪያ አንብቢ፣ ደብተሩን ከዚያ በኋላ ክፈቺ።

ሴፕቴምበር 2021 ላይ እንግሊዝ አገር ላመለክት ነው ስትይኝ «ጌታ ይርዳሽ» አልኩሽ። ነርሲንግ ትማሪልኛለሽ፣ ከኔ ጋር በአንድ መኪና ሥራ እንሄዳለን ብዬ ሳስብ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ «የልብ ጉዳይ አለኝ፣ ጸልዩልኝ» አልኳቸው። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ደብተሩ ላይ ሙሉውን ጻፍኩት፤ «ሰርካለም። ዕድላዊት እንዳትሄድ። በሩ ይዘጋ።» በየሳምንቱ ደገምኩት። ጋሽ ያለው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሁለት ቀን ጾመው ጸለዩልኝ።

ጃንዋሪ 19፣ 2022፣ ረቡዕ ነበር። አጥብቀሽ የተመኘሽው ዩኒቨርሲቲ አልቀበልም ያለሽ ቀን። ከሥራ ስገባ መታጠቢያ ቤት ዘግተሽ ታለቅሻለሽ። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ «ጌታ የተሻለ አለው» አልኩሽ። ስትወጪ ራስሽን እየደባበስኩ አስተኛሁሽ። ከዚያ ሳሎን ሄጄ በስተግራ በኩል «ተመለሰ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ። እያለቀስሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የተመለሰለት ሰው ይመሰክራል፤ እኔ አልመሰከርኩም። ኤፕሪል ላይ የአሁኑ ዩኒቨርሲቲሽ ሲቀበልሽ ምንም አልጻፍኩም፤ ባዶ ነው።

ሁሉ ይፈርም ያልኩሽም አንዱ እንቢ ይልልኛል ብዬ ነው። አንድ እንኳን ጠፋ። ከአንቺ ሌላ እዚህ አገር ሰው የለኝም፤ ይኼ ግን ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አይሆነኝም። በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ብቻሽን ስትታገዪ እኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ። ይቅር በይኝ።

እናትሽ

ሼፊልድ፣ ሜይ 3 ቀን 2025

እማ፣

ደብዳቤውን መጀመሪያ አላነበብኩም። ደብተሩን ነው የከፈትኩት። ቀኑን ሳይ ገና ስሜን ሳላነብ አወቅሁት።

ሁለት ጊዜ ደውለሽ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ያን ቀን ያጽናናኝ እጅሽ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሲከፋኝ የማስበው ያንን እጅ ነው። አሁን ሳስበው ብዕር ይይዝብኛል። መምህሬ ፊት ቀርቤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ልተወው አልኳት። ለምን ስትለኝ መናገር አቃተኝና «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳት። እሷም አልጠየቀችኝም። ሻይ ቀድታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ የተናደድኩብሽን ነገር እኔው አደረግሁት።

ከዚያ ተመልሼ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት አስረከብኩ። ያንቺን ገጾች አልነካኋቸውም፤ የሁሉን ሰው ወረቀት አስፈርመሻል፣ ያንቺ ግን የለም። ይቅር ብዬሻለሁ። ሙሉ በሙሉ ነው ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

አሁን የኔን ልንገርሽ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ደብቄሻለሁ። ቲኬት ያልቆረጥኩት ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኝ ለማስተርስ ቆይ ብሎኛል። ወረቀቱ አንድ ዓመት ይላል፤ መምህሬ ግን ከዚያ በኋላ ዶክትሬት ታስባለች፣ ያ ሦስት አራት ዓመት ነው። እስከ ሜይ 30 እሺ ወይም እንቢ ማለት አለብኝ። እኔ መቆየት እፈልጋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንቺን ሳሎኑ ውስጥ ብቻሽን ተቀምጠሽ አይሻለሁና እንቢ ልላቸው እነሳለሁ።

ረቡዕ ዕለት የጸሎት ርዕስ አድርጊኝ። እንዲህ ብለሽ ጸልዪ አልልሽም። የፈለግሽውን ጸልዪ። ግን በሰው ፊት፣ በድምፅሽ። ከዚያ ምን ብለሽ እንደጸለይሽ ጻፊልኝ፤ እሱን ሳላነብ መልስ አልሰጣቸውም።

ዕድላዊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜይ 15 ቀን 2025

የኔ ዕድላዊት፣

ትናንት ረቡዕ ነበር። ስልኩ ላይ አሥራ አራት ሰው ገባ። ተራዬ ሲደርስ ከመጀመሪያው አንስቼ ተናገርኩ፤ የ2021ዱን፣ የልብ ጉዳይ ያልኩት ምን እንደነበረ፣ «ተመለሰ» ብዬ የጻፍኩትን። ስጨርስ ጋሽ ያለው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ታዲያ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ቀን የጾምኩት በልጅቷ ላይ ነበር?» አሉ። ጸዳለ ሳቋ አመለጣት፤ እሷ ስትስቅ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሽ ያለው ዛሬ ጠዋት ደውለው አንቺን ይቅርታ እንድጠይቅላቸው አዘውኛል።

ከዚያ የአሁኑን ነገርኳቸው። ጸዳለ፣ እሺ አሁንስ ምን ብለን እንጸልይ አለች። ሁሉም «ትቆይ፣ ትማር» እስክል እየጠበቁኝ እንደሆነ ገባኝ። ቃሉም አፌ ላይ ነበር። እንደዚያ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ብሎሽ ነገውኑ ትፈርሚ ነበር፤ አንቺ አታውቂብኝም ነበር። ግን በሰው ፊት ተናገሪ ብለሽኛል፤ ሁለተኛ ጊዜ አልዋሽሽም።

ምረቃሽ ላይ ለመምጣት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ ጸዳለም አብሬሽ ካልመጣሁ ብላለች። ያንን የምትወጂውን ላይብረሪ ታሳይኛለሽ። መምህርሽንም ማየት እፈልጋለሁ።

የጠየቅሽኝ ይኼው። እንድትመጪ ነው የጸለይኩት። አንቺ ግን ተማሪ።

እናትሽ ሰርካለም